ከሰርቪስ ቤት የወጣ ኮምፒውተር፦ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና ከአያት ወዲያ ባሉ ግቢዎች የድሮ ኮምፒውተር መንገዱ አንድ ነው። ከሳሎን ወደ ሰርቪስ ቤት ይሄዳል፣ ከሰርቪስ ቤት ቆጥ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ አንድ ቀን «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ በበሩ ሲያልፍ ከአሮጌ ጀሪካንና ከተሰበረ ምድጃ ጋር ይሸጣል። አብዛኛው 386 ወይም 486 የሚባለው የድሮ ፒሲ ነው። አልፎ አልፎ ውጭ አገር የነበረ ሰው በሻንጣ ያመጣው ኮሞዶር 64 ወይም ዚኤክስ ስፔክትረም ብቅ ይላል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1982 የወጡ የቤት ኮምፒውተሮች ናቸው።

እነዚህን ማሽኖች ዕድሜ ብቻውን ብዙም አይገድላቸውም። የሚገድላቸው «እስቲ ይሠራ ይሆን?» ተብሎ የሚሰካበት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቅደም ተከተል አለው፤ መሰካት ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

ፓወር ሰፕላይ

ከ386 እና 486 ጀርባ፣ ከገመዱ መግቢያ አጠገብ፣ በካቻቢቴ ጫፍ የሚገፋ ትንሽ ቀይ መምረጫ አለ፤ 115 ወይም 230 ይላል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ነው። የእኛ 220 ቮልት ወደ ዲሲ ሲቀየር 311 ቮልት ገደማ ይሆናል። መምረጫው 115 ላይ ሲሆን ግን ሰርኪዩቱ ይህንኑ በእጥፍ ያሳድገዋል፣ 620 አካባቢ ማለት ነው። ውስጥ ያሉት ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ቻርጅ የሚያጠራቅሙት፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 200 ቮልት ብቻ የሚችሉ ናቸው። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይፈነዳሉ፣ ፊውዙም አብሮ ይሄዳል። ፊውዝ ብቻ ቀይሮ እንደገና መሰካት ሁለተኛ ጥፋት ነው። መምረጫውን አይታችሁ 230 ላይ አድርጉት፤ ዝጎ ከሆነ ወዲያ ወዲህ ደጋግማችሁ ግፉትና መሃል ላይ እንዳልቆመ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ነቅላችሁ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ክፈቱ። ተነቅሎም ቢሆን እነዚያ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሽቦ ያለው የ220 ቮልት አምፖል ሁለት እግራቸው ላይ አስነክታችሁ አውርዱት፣ ከዚያ በቴስተር ለክታችሁ ከ10 ቮልት በታች መሆኑን እዩ። በካቻቢቴ ማገናኘት የሚወዱ ጠጋኞች አሉ፤ ብልጭታው ካቻቢቴውንም ካፓሲተሩንም ይበላል፣ ዓይንንም አይምርም።

አሁን የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ቢጫማ፣ ውስጡ የሚታይ፣ ከላዩ ላይ ሪፋ (RIFA) የሚል ባለ ማዕዘን ካፓሲተር። በቢቢሲ ማይክሮ፣ በአፕል ቱ እና በብዙ የዚያ ዘመን ዕቃዎች የመብራት መግቢያ ላይ ይገኛል። ውስጡ ወረቀት ነው። ሽፋኑ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የክረምት እርጥበት ይገባል፣ ሲሰካ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራና ክፍሉን በሚቆጠቁጥ ጭስ ይሞላዋል። ስንጥቅ ባይታይበትም አውጡት። የሚተካው 0.1 ማይክሮፋራድ ከሆነ 0.1፣ ደረጃው ኤክስ2 (X2፣ ለመብራት መስመር የተሠራ)፣ 275 ቮልት ኤሲ የተጻፈበት ነው። «400 ቮልት» የሚል ተራ ካፓሲተር ቁጥሩ ስለበለጠ ይሻላል ብላችሁ አትግጠሙ፤ እሱ ለዲሲ ነው፣ ሲበላሽ ሾርት ሆኖ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ኤክስ2 ካፓሲተር ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ወይም ከፎቶኮፒ ማሽን የመብራት መግቢያ ላይ ይገኛል፣ ስለዚህ ምናለሽ ተራ መዞር ዋጋ አለው።

ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ለይታችሁ ሞክሩት። ነገር ግን ያለ ምንም ጭነት አይደለም፤ እነዚህ ፓወር ሰፕላዮች ጭነት ካልተሰጣቸው ወይ አይነሱም ወይ የተሳሳተ ቮልቴጅ ያሳያሉ። ቀዩ ሽቦ ላይ ከጥቁሩ ጋር ባለ 5 ኦም 10 ዋት ሬዚስተር፣ ቢጫው ላይ ደግሞ የመኪና የፍሬን አምፖል ባለ 12 ቮልት 21 ዋት ይበቃል። በመብራቱ መስመር ላይ ደግሞ በተከታታይ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል አስገቡ። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፣ ንቀሉት። ቀዩ 5፣ ቢጫው 12፣ ሰማያዊው 12 በኔጌቲቭ፣ ነጩ 5 በኔጌቲቭ ነው። ብርቱካናማው ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ወደ 5 የሚወጣ ምልክት ብቻ ነው፤ እሱ ካልወጣ ማዘርቦርዱ ሁሉም ቮልቴጅ እያለው አይነሳም።

መልሳችሁ ስትሰኩ ሁለቱ ነጫጭ ፕለጎች ጎን ለጎን ሲገቡ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ መገናኘት አለባቸው። ተገላቢጦሽም ይገባሉ፤ ማዘርቦርዱ ግን ከዚያ በኋላ የለም።

ኮሞዶር 64 ሌላ ጠባይ አለው። የሚፈራው ከውጭ ያለው ከባዱ ጥቁር አዳፕተር ነው። ውስጡ በሙጫ የተሞላ ስለሆነ ሙቀቱ አይወጣም፣ 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲደክም ቮልቴጁ ከመውረድ ይልቅ ይወጣል፣ የወጣውም ቀጥታ ሚሞሪው ላይ ያርፋል። ባለ ሰባት እግሩን ፕለግ ኮምፒውተሩ ላይ ሳትሰኩ ለኩት፦ እግር 5 ፖዘቲቭ 5 ቮልት፣ እግር 2 ግራውንድ፣ በእግር 6 እና 7 መካከል 9 ቮልት ኤሲ። ያችን ባለ 5 ኦም ሬዚስተር ጭናችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ብዙዎቹ የሚበላሹት ከሞቁ በኋላ ነው። ከ5.2 ካለፈ ሥራው አብቅቷል። በኔ ግምት ደህና ቢያሳይም ለነገ አይታመንም፤ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ቮልት ከሆነማ ትራንስፎርመር ፍለጋ አትዙሩ። ከ220 ወደ 9 ቮልት ኤሲ የሚያወርድ 1 አምፔር ትራንስፎርመር ከአሮጌ ቴፕ አውጡ፣ 5 ቮልቱን ደግሞ ከጥሩ ባለ 2 አምፔር አዳፕተር ውሰዱ፣ ሁለቱንም አንድ ሣጥን ውስጥ ለየብቻ ፊውዝ ሰጥታችሁ አስቀምጡ። 9 ቮልት ኤሲውን መተው አይቻልም። ከእሱ የሚመነጨው 12 ቮልት በቀድሞዎቹ ቦርዶች ላይ የሥዕሉንና የድምፁን ቺፕ ያሠራል፣ የውስጥ ሰዓቱም 50 ሄርዙን የሚቆጥረው ከእሱ ነው።

የስፔክትረም አዳፕተር 9 ቮልት ይልና ያለ ጭነት ሲለካ 12 ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። የሚያሳስበው ፕለጉ ነው፦ መሃሉ ኔጌቲቭ፣ ውጩ ፖዘቲቭ። ከሱቅ የሚገዛው አዳፕተር አብዛኛው ተቃራኒ ነው።

አንድ የሰፈራችን ጉዳይ ደግሞ አለ። አዳዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ብዙ ሶኬት ሦስተኛ ቀዳዳ ቢኖረውም ጀርባው ላይ ኧርዝ አልተሳበም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የ486 ሣጥን ግማሽ መብራት፣ ወደ 110 ቮልት ገደማ፣ ተሸክሞ ይቀመጣል፤ ሲነካ የሚነዝረው እሱ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይጎዳ ይሆናል፣ ነገር ግን ማሽኑ በርቶ እያለ የፕሪንተር ወይም የቲቪ ገመድ ስትሰኩ ያ ሁሉ በአንድ ቀጭን እግር ያልፍና ፖርቱን ያቃጥላል። ገመዶቹን ሁሉ አስቀድማችሁ ሰኩ፣ ቲቪውንም ኮምፒውተሩንም ከአንድ ማከፋፈያ አብሩ። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፤ ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ፣ የጎረቤቱ ፍሪጅና ምጣድ ተነስቶ ቮልቴጁ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ጠብቁ።

ባትሪው

ከ386 ማዘርቦርድ የኪቦርድ መሰኪያ አጠገብ በርሜል የሚመስል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ ባለ 3.6 ቮልት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ተበይዷል። አሚጋ 500 ላይ ከሥር የሚገባው የሚሞሪ መጨመሪያ ላይም አለ። ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ፈሷል ብላችሁ ጀምሩ። የሚፈሰው አልካላይ ነው፤ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ከመስመሩ ሥር እየሄደ ኪቦርዱን የሚቆጣጠረው ቺፕ ሥር ይደርሳል።

ባትሪውን በጉጠት ቆርጣችሁ አውጡ። አረንጓዴው ላይ ነጭ አቼቶ በጥጥ አድርጉ፤ አቼቶ ከሌለ የተጠለለ ሎሚ ይሠራል፣ ስኳሩ ግን ስለሚያጣብቅ በደንብ መታጠብ አለበት። መጀመሪያ ይፈላል፤ መፍላቱ ሲያቆም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሹት፣ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ አጥባችሁ ከዚያ ከ90% በላይ በሆነ አልኮል አንዴ አልፉበት። የቧንቧ ውሃ ጨው ይተዋል። ጥላ ባለበት ነፋስ ሁለት ቀን ይድረቅ፤ በሐምሌና ነሐሴ ግን ነፋሱም እርጥብ ስለሆነ ከምድጃ ራቅ ባለ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሳምንት ቢቆይ ይሻላል። ከዚያ በቴስተር መስመር በመስመር ከእግር እስከ እግር ሞክሩ። የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጥሉት። መበየጃው 350 ዲግሪ አካባቢ፣ ሊዱ 0.8 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ፓስታ አታስጠጉ፣ አሲድ ስለሆነ ከባትሪው በላይ ይበላል።

በምትኩ ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ ቀጥታ አትበይዱ። ቦርዱ አሮጌውን ባትሪ ቻርጅ ያደርግ ስለነበር አዲሱንም ሊሞላው ይሞክራል፣ እሱ ደግሞ ለመሞላት አልተሠራም። ሦስት የእጅ ባትሪ ድንጋይ በመያዣ አድርጋችሁ 4.5 ቮልት፣ በመሃል 1ኤን4148 ዳዮድ ወደ ቦርዱ ብቻ እንዲያሳልፍ፣ በገመድ ሳቡና ከቦርዱ አርቃችሁ የሣጥኑ ግድግዳ ላይ አስሩት። ደግሞ ቢፈስ ሣጥኑ ላይ ይፍሰስ።

ባትሪው ሲሞት ማሽኑ የሃርድ ዲስኩን ልክ ይረሳል፣ ስለዚህ «ዲስክ የለም» ቢላችሁ ዲስኩ ሞተ አትበሉ። የዲስኩ ላይ ወረቀት ሲሊንደር፣ ሄድና ሴክተር ይላል፤ ሦስቱን አባዝታችሁ በ512 ስታበዙ ጠቅላላ ባይቱ ይወጣል። ለምሳሌ ሲጌት ኤስቲ-225 የሚባለው 615 ሲሊንደር፣ 4 ሄድ፣ 17 ሴክተር ነው፣ ማለትም 21,411,840 ባይት። ቁጥሩን በስህተት ካስገባችሁ ምንም አትጻፉበት። ዲስኩ እየጮኸ የማይዞር ከሆነ ሄዱ፣ የሚያነበው ክፍል፣ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ይሆናል፤ ከሣጥኑ አውጥታችሁ በእጅ አግድም አንዴ ቶሎ ማዞር ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። በምንም ምክንያት አትክፈቱት። ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ ብዙ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ብቻ እንዲሠሩ የተባሉ ናቸው። ሱሉልታ 2,700 ገደማ ስለሆነ ያልፋል፤ እንጦጦ አናት ላይ ላለ ሰው ግን ከጠርዙ ያልፋል። ቀጭኑ አየር ሙቀትም ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ የደከመ ፋን እዚህ ከባህር ዳርቻ ከተማ ይልቅ ቶሎ ይጎዳል።

ስለ ማጽዳት ብዙ አልልም። አይጥ ከነበረበት ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ ሽንቱ መዳብ ይበላል። የካርዶችን ወርቃማ ጥርስ በነጭ ላጲስ አሹ። የቢጫ ፕላስቲክ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ የውበት ሳሎን ዕቃ በሚሸጥበት የሚገኘውን 12% ኦክሲጅን ቀብታችሁ በላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጡት ይነጣል፣ የእኛ ፀሐይም ለዚህ ብርቱ ናት። እኔ አልመክርም። ቢጫው አይጎዳም፣ ያልተስተካከለ ቅብ ግን ዥጉርጉር አድርጎ ይተወዋል።

ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን

ኮሞዶር 64 በትክክል ሲነሳ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 ባይት ነጻ መሆኑን ይጽፋል። ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ ውስጥ ያለችውን የ9 ቮልት ፊውዝ እዩ። ቀጥሎ ቺፖቹን በጣት ዳስሱ፦ ከስምንቱ ባለ 4164 የሚሞሪ ቺፖች አንዱ ጣት የሚያቃጥል ከሆነ እሱ ነው። ማይክሮን የሠራቸው፣ ኤምቲ የሚል ፊደል ያለባቸው፣ ቀድመው ይሞታሉ። ካልሞቀ ደህና የሆነ ቺፕ በላዩ ላይ እግር በእግር አጋጥማችሁ አብሩት፤ አንዳች ለውጥ ካያችሁ የሥረኛው ይወጣ። ሚሞሪው ደህና ከሆነ ፒኤልኤ የሚባለው ቺፕ ተጠርጣሪ ነው። የድምፁ ቺፕ መሞቁ ልማዱ ነው፣ አይደንግጣችሁ፤ ነገር ግን 6581 በ12 ቮልት፣ 8580 በ9 ቮልት ስለሚሠሩ አንዱን በሌላው ቦታ አትተኩ።

ስፔክትረም ላይ ስክሪኑ በቁም መስመር ከተሞላ የታችኛው 16 ኪሎባይት ሚሞሪ ነው። እነዚያ 4116 ቺፖች ሦስት ቮልቴጅ ይፈልጋሉ፦ 5፣ 12 እና ኔጌቲቭ 5። ኔጌቲቩ ከጠፋ ይሞታሉ፣ አዲስ ብትተኩም ይሞታሉ። ስለዚህ ሚሞሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቴጁን ለኩ፣ ከጎደለ ከሽቦ ጥቅልሉ አጠገብ ያለውን ትራንዚስተር፣ ቲአር4፣ ቀይሩ። ኪቦርዱ መልስ ካልሰጠ የሥሩ ላስቲክ ሪባን ደርቆ ተሰብሯል፤ አይጠገንም፣ አዲስ ግን አሁንም ይሠራል፣ ይገዛል።

ሥዕል እያለ ድምፅ ከሌለ የእንግሊዝ ኮሞዶር ይዛችኋል ማለት ነው። የእኛ ቲቪ የሚከተለው ፓል የሚባል ሥርዓት ድምፁን ከሥዕሉ 5.5 ሜጋሄርዝ ርቆ ይፈልገዋል፣ የእንግሊዙ 6 ላይ ያስቀምጠዋል። በአንቴና ቀዳዳ መታገል ትታችሁ በኤቪ ገመድ ስጡት።

እንደ ስፔክትረም ከተራ ቴፕ ካሴት ለሚጭኑ ማሽኖች ደግሞ ስልክ ከቴፕ ይሻላል፤ ድምፁን ሞልታችሁ ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው አገናኙ። የግድ በቴፕ ካላችሁ ቺንጋው ለስልሶ እንዳልረዘመ እዩ፣ ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን ደግሞ ድምፁ ጥርት እስኪል በትንሹ አዙሩ። የስፔክትረም ሙሉ ፕሮግራም ለመጫን አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ከሄደ ሁሉም ከዜሮ ነው፣ ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠን የሚያውቅ ትውልድ ለዚህ ትዕግሥት አያጣም።

ፍሎፒውና ውስጡ ያለው አማርኛ

ብዙ ሰው 486 የሚያስነሳው ለጨዋታ አይደለም። የእድር መተዳደሪያ፣ የአባት ማስታወሻ፣ ያልታተመ ግጥም ፍሎፒ ላይ አለ። እዚህ ላይ ከማሽኑ ይልቅ ዲስኩ ይቅደም።

መከላከያውን አድርጉ፦ በ3.5 ኢንች ቀዳዳው ክፍት ሲሆን መጻፍ አይቻልም፣ በ5.25 ኢንች ግን ተቃራኒው ነው፣ ጎኑ ላይ ያለው ቁርጥ መሸፈን አለበት። የብረቱን በር ገልጣችሁ ጥቁሩን ሳህን አዙራችሁ እዩ። ነጭ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን አንዴ ካስገባችሁ ሄዱ ላይ ይጣበቅና ቀጣዩን ጤነኛ ዲስክ ይፍቀዋል፣ ስለዚህ በአልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ አንድ ዲስክ ባነበባችሁ ቁጥርም ሄዱን አጽዱ። በዩኤስቢ የሚሰካው ድራይቭ 3.5 ኢንች ብቻ ነው የሚያነብ። ለ5.25 ወይም ለተጎዳ ዲስክ ግሪስዊዝል የሚባለው ትንሽ ቦርድ ከድሮ ድራይቭ ጋር ተገናኝቶ መግነጢሱን እንዳለ ይገለብጣል። ፋይል በፋይል አትቅዱ፤ ሙሉውን ዲስክ፣ በተለመደው 3.5 ኢንች 1,474,560 ባይቱን፣ እንደ አንድ ፋይል ገልብጡና ከቅጂው ላይ ሥሩ።

ፋይሉ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ አልተበላሸም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው፣ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ባለው ረድፍ። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎቹም በየራሳቸው አቀማመጥ ፊደሉን የላቲን ቦታዎች ላይ ያሰፍሩት ነበር። ባለ 8 ቢት ፎንት 256 ቦታ አለው፣ 32ቱ ለትእዛዝ ሲያዙ 224 ይቀራሉ፤ 33 ፊደል በሰባት ቤት ግን 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ከአንድ በላይ ፎንት ላይ ከፋፈሉት፣ አንዳንዶቹ አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው አደራረቡት።

ከዚህ የሚመጣው ጥንቃቄ አንድ ነው፦ ሰነዱን ወደ ተራ ጽሑፍ ፋይል አትቀይሩት። አንድ ቃል ውስጥ ግማሹ ፊደል ከአንደኛው ፎንት፣ ግማሹ ከሁለተኛው ሊሆን ይችላል፤ የፎንቱ ስም ከጠፋ ያው ቁጥር የቱ ፊደል እንደነበር ማወቂያ አይኖርም። በዎርድ ወይም በአርቲኤፍ እንዳለ አቆዩት። ከማሽኑ ዲስክ ላይ የፎንቶቹን ማህደርም አብራችሁ ቅዱ፣ ያ ፎንት ዛሬ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ፎንቱ ካለ መቀየሪያ ፕሮግራም ባይኖርም ሠንጠረዥ በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ከ32 እስከ 255 ያለውን በተራ አትማችሁ ከጎኑ ትክክለኛውን ፊደል መጻፍ ነው።

ከተቀየረ በኋላ በዓይን የሚታዩ ሦስት ቦታዎች አሉ። አንዱ ዲቃላው ነው፤ «ቋ» እና «ኳ» ባዶ ሣጥን ሆነው ይቀራሉ። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው፤ የግዕዝ ቁጥር በላቲን ቁጥር ቦታ ላይ የተቀመጠበት ፎንት ካለ ዓመተ ምህረቱ ሁሉ ይሳሳታል። ሦስተኛው አራት ነጥብ ነው። የድሮ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትተው ነው የሚያገኙት፣ ስለዚህ «፡፡» የሚለውን በሙሉ ፈልጋችሁ በ«።» ተኩ። ይህን የምትሠሩት ግን ከቅጂው ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ፋይል አትንኩት።